የዳለቻ ምስክርነት

ባለፈው ሳምንት ወደ ኮተቤ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰው አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። በእግሮቹ መሃል ቢጫ ጀሪካን ይዟል፤ ክዳኑ ጠፍቶ አፉ በላስቲክ ተጠፍሯል። ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ከላስቲኩ ሥር የአተላ ሽታ ይወጣል። ረዳቱ ፊቱን አጨማዶ ለምን ከኋላ እንዳልጫነው ጠየቀው። ሰውዬው የላሞቹ ቀለብ መሆኑን ተናግሮ ሁላችንንም ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ደግሞ ቦርሳዬን ከእሱ በኩል አንስቼ ወደ መስኮቱ አዛወርኩ። ያፈርኩት ካዛወርኩት በኋላ ነው። ይህ ቦርሳ የማዛወር በሽታ የያዘኝ ግን ልክ እንዲህ በሚሸት ግቢ ውስጥ ነው፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አክስቴ ቤት፣ እናቴ ታናሽ ወንድሜን በወለደችበት ክረምት።

አክስቴን እታለም እላታለሁ። ለሰፈሩ ሰው እትዬ አስካለ ናት። የአባቴ ታላቅ እህት ስትሆን ዕድሜዋን የጨረሰችው በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ጡረታ ስትወጣ ሁለት ነገር ይዛ ወጣች፤ የወገብ ሕመምና የበረኪና ፍቅር። ወለሉን በበረኪና፣ ደረጃውን በበረኪና፣ የወተት ጣሳውን በበረኪና ታጥባለች። ቲማቲም እንኳ በረኪና ጠብ ባለበት ውሃ ውስጥ ሳይቆይ ቢላ አያርፍበትም። ጉንጬን ስትስመኝ ዓይኔ ያለቅስ ነበር፤ እሷም ናፍቄያት ነው ብላ ታስባለች።

ባለቤቷ ሲሞቱ ወደ ባህር ዛፉ ዳገት የሚወጣውን ግቢና ሁለት ላሞች ተዉላት። ጠዋት ጠዋት ጎረቤቱ ጆግና ጠርሙስ ይዞ በር ላይ ይሰለፋል። አክስቴ እየቀዳች ሁሉንም ትጠረጥራለች። ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ግቢውን ሊያጠና ነው የመጣው። ዳቦ የምትሸጠው ሴት የምትስቀው የሚያስቅ ነገር ኖሮ አይደለም። የጎረቤት አውራ ዶሮ እንኳ ያለ ሰዓቱ የሚጮኸው ሆን ብሎ ነው። እናቴ በታረሰችበት ቤት፣ ገንፎው ፊታችን ቀርቦ ሳለ፣ "ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር" ብላ በማንኪያዋ ገለጥ ገለጥ ስታደርገው እናቴ ሳቋን ማፈን አቅቷት ነበር። እኔ ግን አልሳቅኩም። አክስቴ ሌላው የማያየውን የምታይ፣ የዝንብ ጠንጋራ የምትለይ ሰው ናት ብዬ አምን ነበር። እንደሷ መሆን ፈለግኩ።

ላሞቹን የሚይዘው ቱፋ ነበር። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከሱሉልታ በኩል የመጣ፣ የራሱን መሬት ሲያርስ ኖሮ መሬቱ በግንብ አጥር ሲከበብ የሰው ከብት መጠበቅ የጀመረ ጎልማሳ ነው። ጋሼ እንድለው ያዘዘኝ ስላልነበረ እኔም እንደ አክስቴ ቱፋ እለው ነበር። ብዙ አያወራም፤ ካወራም ግማሹ ቁጣ ነው። ጠዋት በረቱን ይጠርጋል፣ እበቱን ይዝቃል፣ በክረምት አልደርቅ ያለውን ኩበት ከቆርቆሮው ጥግ ይደረድራል። ከዚያ አተላውን ከፉርሽካ ጋር ለውሶ ያቀርባል። ረፋዱ ላይ ላሞቹን እየነዳ ወደ ዳገቱ ይወጣል፤ ዝናቡ ከጠና ደግሞ ማጭዱን ይዞ ብቻውን ወጥቶ ሳር በሸክም ይመለሳል።

አንደኛዋ ላም የፈረንጅ ዘር ናት፤ ማንም ቢያልባት ግድ የላትም። ዳለቻ ግን የአገር ላም ናት፤ ስሟም እንደ ቀለሟ ነው። ወተቷ ወፍራም ስለሆነ ደንበኞቹ የሚሽቀዳደሙት ለእሷ ነበር። ጥጃዋ ቀድማ ካልጠባቻት ወተቷን ትቋጥራለች። ስለዚህ ቱፋ ጥጃዋን ለቀቅ ያደርግና ትንሽ ከጠባች በኋላ ነጥሎ ከእናቷ የፊት እግር ጋር ያስራታል። እናት ልጇን እየላሰች እሱ ያልባል። እኔ ጥጃዋ አንድ ነገር አጥፍታ የታሰረች ይመስለኝ ነበር። ምን እንዳጠፋች ለማወቅ ብዙ ጊዜ ተከታትያታለሁ፤ ምንም አላገኘሁባትም።

ሲያልብ ግንባሩን ከዳለቻ ጎን አስደግፎ በኦሮምኛ ያወራታል። "ያ ሃዳ ኮ፣ ያ ሃዳ ኮ" ይላታል። እኔ ቋንቋውን አላውቅም፤ እሷ ደግሞ ጆሮዋን ወደ ኋላ አዙራ ታዳምጣለች። ስለ እኛ እያወሩ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ። ያ ሃዳ ኮ፣ እናቴ ሆይ ማለት መሆኑን የነገረኝ ሰው ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

አክስቴ ቱፋ ወተት እንደሚጠጣ ትጠረጥር ነበር። በርጩማ ሰጥታ በረቱ በር ላይ አስቀመጠችኝና ዓይኔን ከባልዲው እንዳልነቅል አዘዘችኝ። በዚያ ክረምት ከዚህ የበለጠ ሹመት አልተሰጠኝም። ቱፋ በሩ ላይ ሲያየኝ ይገላምጠኛል፣ እኔም እገላምጠዋለሁ። አንድ ጠዋት ጢሙ ላይ ነጭ ነገር አይቼ እየሮጥኩ ለአክስቴ ነገርኳት። ወጥታ ቀርባ ስታየው የፉርሽካ ብናኝ ሆነ። ሌላ ቀን ደግሞ ከኪሱ ነጭ ዱቄት አውጥቶ ዳለቻን በመዳፉ ሲያስልሳት ደረስኩበት። አክስቴ መስተፋቅር ነው አለች። ላሟ እሱን ወዳ እኛን እንድትጠላ እያደረጋት ነው አለች። ኪሱን አስገለበጠችውና በምላሷ ጫፍ ቀመሰችው፤ ጨው ነው። ነገሩ በዚህ ያበቃ ሲመስለኝ የማን ጨው ነው የሚለው ጥያቄ ተነሳ።

ሐምሌ ሲጋመስ ጥጃዋን ተቅማጥ ያዛት። ቱፋ የሆነ ቅጠል ወቅጦ ቢግታትም አልተሻላትም። በዚያው ሰሞን እኔና አክስቴ እናቴን ልንጠይቅ ኮተቤ ሄደን አደርን። ስንመለስ ቱፋ በሩን ከፍቶልን ጥጃዋ መሞቷን ነገረን። ቆዳዋን ገፎ፣ ሥጋዋን ባህር ዛፉ ውስጥ ቀብሮታል። አክስቴ ጃንጥላዋን እንኳ ሳታጥፍ የተቀበረችበትን አሳየኝ አለችው። ዳገቱን ወጣን። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ባዶውን አገኘነው፤ ጭቃው ላይ የጅብ ዳና ሞልቷል። ቱፋ ራሱም ደነገጠ። አክስቴ ግን ጉድጓዱን አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያ ለእኔ በሹክሹክታ፣ ለሌባ መቼም ጅብ አይጠፋለትም አለችኝ።

የእሷ ሐሳብ እንዲህ ነበር። ጥጃዋ አልሞተችም። ጊደር የምትሆን፣ ነገ ላም የምትሆን ጥጃ ናት፤ ቱፋ እኛ በሌለንበት ሸጧታል። ቆዳው ደግሞ ከእርድ ቤት የተገኘ የሌላ ጥጃ ቆዳ ነው። ጥጃዋ እንደ እናቷ ግራጫ ብቻ ስለነበረች፣ አንዳች ምልክት ስላልነበራት፣ ይህን ሐሳብ የሚያፈርስ ነገር አልነበረም። እኔም በሙሉ ልቤ አመንኩ። ጥጃዋ የሆነ ግቢ ውስጥ ታስራ የምትጠብቀን ይመስለኝ ነበር፤ መንገድ ላይ በየአጥሩ ቀዳዳ አጮልቅ ነበር።

ዳለቻ ያን ሰሞን በረቱን በጩኸቷ አናወጠችው። ወተቷ አነሰ፣ ከዚያም ለመቅመስ ያህል ብቻ ሆነ። ቱፋ ቆዳውን ጨው ነስንሶ አደረቀ፣ ገለባ ጠቀጠቀበት፣ በእንጨት አራት እግር ሠራለት። እናት የልጇን ቆዳ እየላሰች ትታለባለች፤ አገር ቤት ጥጃ ሲሞት የሚደረገው ይኸው ነው። እኔ ሳላውቅ በረቱ ውስጥ ገብቼ ነበር ያየሁት። ዓይን የሌላት ጥጃ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ሆዷ ውስጥ ሰው የተደበቀ መስሎኝ እየጮህኩ ወጣሁ። ዝንቡም ሽታውም አይጣል ነበር።

ቆዳው ገና ለዳለቻ ሳይቀርብላት አክስቴ ሽማግሌ ጠራች። አባባ ደምሴ ከጎረቤት ናቸው። የአንድ መሥሪያ ቤት ጥበቃ ሆነው ጡረታ ወጥተዋል፤ ልጅነታቸውን ግን ከከብት ጋር ስላሳለፉ ስለ ከብት የሚነሳ ጨዋታ የእሳቸው ነው። አክስቴ ጥርጣሬዋን ዘርዝራ ነገረቻቸው። እሳቸው ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ካዳመጡ በኋላ ላሟ ትፍረድ አሉ። ላም የሌላ ጥጃ ቆዳ አትልስም። ከላሰች ልጇ ናት፣ ቱፋም ንጹሕ ነው። ካልላሰች ቱፋ ሌላ ቤት ይፈልግ። ቱፋ ተጠርቶ ሲነገረው ደስ አለው። ፊቱ ሲፈታ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። "እሺ አባባ፣ እሷ ትመስክር። እሷ አትዋሽም" አለ። ነገ ጠዋት እንዲሆን ተስማሙ።

ከሰዓት በኋላ ቱፋ ሳር ሊያጭድ ወደ ዳገቱ ወጣ። አክስቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ሽማግሌ ነገ ያንን ነገር ቀርበው ሊያዩት ነው፤ በዚያ ሽታ፣ በዚያ ዝንብ፣ የእትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ! ገለባውን አውጥታ ቆዳውን በትልቁ ሳፋ ዘፈዘፈችው። ኦሞ ጨመረች፣ ከዚያ በረኪናውን። በብሩሽ ፈተገችው፣ አለቀለቀችው፣ ምድጃው አጠገብ ሰቅላ አደረቀችው። አዲስ ገለባ ሞልታ በመርፌ ሰፋችው። ስትጨርስ ራቅ ብላ አየችውና አሁን ሰው ፊት ይቀርባል አለች። በቅንነት ነው ያደረገችው፤ በዚህ እምላለሁ። እኔም በዚያ ቤት የማይታጠብ ነገር ስላላየሁ ምንም አልገረመኝም። ሲመሽ ጓዳ አስገባችው፤ ቱፋም እስከ ጠዋት አላየውም።

ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። አባባ ደምሴ ካፖርታቸውን ለብሰው መጡ። ቱፋ ዳለቻን ግቢው መሃል አቆማት። አክስቴ የተሞላውን ቆዳ ከጓዳ አምጥታ አፍንጫዋ ሥር አኖረችው። ዳለቻ አንገቷን ዘርግታ አሸተተች። እፍ ብላ ወደ ኋላ አለች። ቱፋ ገመዷን ሳብ አድርጎ፣ ያ ሃዳ ኮ እያለ፣ ከኪሱ ጨው አውጥቶ ቆዳው ላይ ነሰነሰላት። እጁን ላሰች። ቆዳውን አልነካችም። ከዚያ ዞር ብላ የአጥሩን ሳር መንጨት ጀመረች።

ቱፋ ጎንበስ ብሎ አፍንጫውን ቆዳው ላይ አደረገ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል።

"ታጥቧል" አለ። "እትዬ አስካለ፣ አጥበውታል።"

"አዎ፣ አጥቤዋለሁ። ቤቴ ይግማ?"

"ሽታዋን እኮ ነው ያጠፉት። በምን ትወቃት?"

"እናት ልጇን በመልኳ ታውቃለች። ሽታ ማጥፋት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጥፋት የሆነው?"

ሁለቱም ወደ አባባ ደምሴ ዞሩ። እሳቸው በዱላቸው ጫፍ ጭቃውን ጫር ጫር እያደረጉ ቆዩ። ዛሬ ሳስበው ነገሩ የገባቸው ይመስለኛል፤ ግን ፈተናውን ያመጡት ራሳቸው ናቸው፤ በሰው ፊት እንዲበላሽባቸው አልፈለጉም። በመጨረሻ፣ "እንግዲህ ላሟ ተናግራለች" አሉ። እኔ በዚያች ሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር። አክስቴ ልክ ሆነች፤ እኔም የልክ ሰው ልጅ ነኝ።

ቱፋ አልተከራከረም። ይህም ራሱ ማስረጃ ሆነበት፤ አክስቴ እውነት ቢኖረው ይጮህ ነበር አለች። ጥቅሉን ይዞ ሲወጣ በሩ ላይ አስቆመችው፤ ሳይፈተሽ መሄድ የለበትም። ጥቅሉን እርጥቡ ድንጋይ ላይ ዘረገፈው፤ አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ መላጫ፣ ማጭድ። አክስቴ በእግሯ ገለጥ አድርጋ አየች። ምንም የለም። እሱ መልሶ ጠቀለለና፣ ቀና ብሎ፣ የለበሰውን ካፖርት አወለቀ። ሥራ ሲጀምር አክስቴ የሰጠችው የሟቹ የባለቤቷ ካፖርት ነው። "ይኼም የእናንተ ነው፤ ኋላ ወሰደ እንዳትሉ" አለና በሩ ምስማር ላይ ሰቀለው። ዳገቱን በሸሚዙ ብቻ ወጣ። ማካፋት ጀምሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት አልረሳውም። ዳለቻን አክስቴ ልታልብ ገባች፤ ዳለቻ ባልዲውን በእግሯ አጎነችው። የጎረቤት ልጅ ተጠራ፤ እሱንም አላስጠጋችም። የመጨረሻዋ ጠብታም ቆመች። ግቷ አበጠ፣ ጠነከረ፣ ሲነኳት በሕመም ትንቀጠቀጥ ነበር። አተላዋን ትታ ቀኑን ሙሉ በሩን ታያለች። ደንበኞቹ ባዶ ጆጋቸውን ይዘው ሲመለሱ አክስቴ ደህና ትሆናለች ትላቸዋለች፤ ወደ ጓዳ ስትገባ ግን አንድ ጊዜ ስታለቅስ አይቻታለሁ። የባሏ ላም ናት። ልትሞትባት እንደምትችል ያኔ ነው የገባኝ፤ ፈራሁ።

አባባ ደምሴ መጥተው ግቷን ዳሰሱና ከንፈራቸውን መጠጡ። በሩ ምስማር ላይ እንደተሰቀለ የቀረውን ካፖርት አይተው፣ "ልበሺው። የምታውቀው ሽታ ሲኖርሽ ታምንሽ ይሆናል" አሏት። አክስቴ ካፖርቱን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ያዘችው፤ እበት፣ አተላ፣ ላብ፣ የረጠበ ሱፍ ይሸታል። ወደ ሳፋው ዓይኗን ጣል አድርጋ ነበር። አባባ ደምሴ እንዳታጥበው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለበሰችው።

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ዳለቻ ዞር ብላ ትከሻዋን አሸተተች። ረጅም ጊዜ አሸተተች። ከዚያ ምላሷን አውጥታ የካፖርቱን ክንድ ላሰች። አክስቴ በማትችለው ቋንቋ ያ ሃዳ ኮ አለቻት። ባልዲው ውስጥ ወተቱ ጭርር ማለት ጀመረ። እኔ ከደስታዬ ብዛት አጨበጨብኩ።

አክስቴ ግን ማለብ አቁማ ግንባሯን ከላሟ ጎን አስደግፋ ቀረች። የላሟ ምላስ አሁንም ክንዷ ላይ ነው።

"ሚጡ" አለችኝ ሳትዞር፣ "ያንን ቆዳ በምን ነበር የዘፈዘፍኩት?"

"በበረኪና" አልኳት።

አልባ ጨረሰች፣ ባልዲውን አነሳች፣ በዚያ ጠዋት ለደንበኛ ስትቀዳ የማንንም ፊት አላየችም። ከዚያ አባባ ደምሴን ለመነቻቸው፤ ቱፋን ፈልገው ያምጡልኝ፣ በስሜ ይቅርታ ይጠይቁልኝ አለቻቸው። እሳቸውም ፊታቸው ጠቁሮ ተነሱ፤ የራሳቸውም ድርሻ እንዳለበት ያወቁ ይመስላል። ሁለት ቦታ ጠይቀው ኮተቤ በኩል፣ ዳገት ሥር፣ የሌላ ሰው ከብት ሲጠብቅ አገኙት።

ተመልሰው ሲመጡ ዝናቡ ወርዶ ነበር፤ ከካፖርታቸው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። አክስቴ ካፖርቱን እንደለበሰች በር ላይ ጠበቀቻቸው። ገና ሳይቀመጡ ምን አለ አለቻቸው፤ በድምፅዋ ውስጥ የለመድኩት ጥርጣሬ ነበረበት። ይሰድበኛል ብላ ነበር የጠበቀችው። ምናልባት ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

አባባ ደምሴ አልመለስም ማለቱን ነገሯት። በቁጣ አይደለም የተናገረው፤ የጀመረውን ሥራ ጥሎ እንደማይሄድ ነው የነገራቸው። ዳለቻን ጠይቋቸዋል። በካፖርቱ ሽታ መታለቧን ሲነግሩት ራሱን ነቅንቋል። ካፖርቱን መልሼ ላምጣልህ ቢሉትም እንቢ ብሏል። "አያምጡት። ሰው እስክትለምድ እሳቸው ይልበሱት፤ ሌላ ልብስ ለብሰው እንዳያስደነግጧት ይበሏቸው" ብሏል።

በበረቱ ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ይወርዳል። እንጦጦ በጉም ተሸፍኗል፤ እኔ በሹራብ ላይ ጋቢ ደርቤም ይበርደኝ ነበር። አክስቴ የካፖርቱን አንገትጌ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ዳገቱ ስታይ ቆየች።

"ታዲያ እሱ ምን ለብሷል?" አለች።

"ማዳበሪያ" አሉ አባባ ደምሴ። "ማዳበሪያ ቀዶ ደርቧል።"